መጠንና መንገድ፤ ልብን ስለሚያድንና ልብን ስለሚያስደነግጥ መድኃኒት



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ 70 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ሞጆ ከተማ ይደርሳል። ሞጆ ባሕር የሌላት ከተማ ናት፤ ነገር ግን ወደብ አላት። በ2009 ሥራውን የጀመረው የሞጆ ደረቅ ወደብ ከጅቡቲ በመኪናና በባቡር የሚመጣውን ኮንቴይነር ተቀብሎ፥ የጉምሩክ ሥርዐት ከተፈጸመ በኋላ ዕቃውን ለባለቤቱ የሚያስረክብ ሰፊ ሥፍራ ነው። በዚህ ሥፍራ ጥቂት ቆሞ የሥራውን አካሄድ የተመለከተ ሰው፥ ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ትራንዚተሩ ድረስ ሁሉም ሁለት ጥያቄ ሲጠይቁ ይሰማል። አንደኛው «መጠኑ ስንት ነው?» የሚል ሲሆን፥ ሁለተኛው «በየት መጣ? ወዴትስ ይሄዳል?» የሚል ነው። በሰነዱ ላይ አንዲት ዜሮ ያለ ቦታዋ ብትገባ ወይም የዕቃው መድረሻ ተሳስቶ ቢጻፍ፥ የሚከተለውን ጣጣ ሹፌሩም ነጋዴውም ጠንቅቀው ያውቁታል።

ዛሬ ልናወጋችሁ ያሰብነው ግን ስለ ንግድ አይደለም። ስለ አንድ መድኃኒትና ስለ ሰው ልብ ነው። ይሁን እንጂ የዚህ መድኃኒት ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእነዚያ በሁለቱ ጥያቄዎች፥ ማለት በመጠንና በመንገድ፥ ላይ የቆመ ስለ ሆነ የወደቡ ምሳሌ እስከ ፍጻሜው ድረስ ያገለግለናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረበት በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተመለከቱ መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

በሞጆ አካባቢ የቆዳ ፋብሪካዎችና ሥጋ ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ቄራዎች ይገኛሉ። በቄራ የሚሠራ ወይም ለበዓል በግ ያረደ ሰው ኩላሊትን ከሞራው ሲያላቅቅ፥ ከኩላሊቱ ራስጌ ላይ ትንሽ ዕጢ ሊያይ ይችላል። ብዙ ጊዜ ከሞራው ጋራ ተጠርጎ ይጣላል። ሰውም እንደ እንስሳው ሁሉ በሁለቱ ኩላሊቶቹ ላይ እንዲህ ያለ ዕጢ አለው። ይህ ዕጢ ለብዙ ዘመን ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ ቆየ። በ1855 እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን ዕጢው የታመመበት ሰው እየደከመ፥ እየከሳና ቆዳው እየጠቆረ የሚሞት መሆኑን በመጽሐፍ ገለጡ። ስለዚህ ይህች የተናቀች ዕጢ ለሕይወት የምታስፈልግ መሆኗ ታወቀ።

ከዚያ በኋላ 40 ዓመት ገደማ ሲያልፍ፥ ጆርጅ ኦሊቨር የተባሉ የእንግሊዝ ሐኪም ከፕሮፌሰር ኤድዋርድ ሼፈር ጋራ ሆነው የዕጢውን ጭማቂ በእንስሳ ደም ሥር ቢያስገቡ፥ የደሙ ግፊት ወዲያውኑ እጅግ ከፍ ሲል ተመለከቱ። ይህን ግኝታቸውን በ1894ና በ1895 ለዓለም አስታወቁ። የቀረው ሥራ፥ ይህን ብርቱ ኀይል ያለውን ነገር ከጭማቂው ለይቶ ንጹሕ አድርጎ ማውጣት ነበር። ብዙ ሊቃውንት ሞከሩት። በ1900 በኒው ዮርክ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው ጆኪቺ ታካሚኔ ከረዳታቸው ከኬይዞ ኡዌናካ ጋራ ንጹሑን ነገር እንደ ጨው ፍሬ ሆኖ ከእንስሳ ዕጢ ለይተው አወጡት። ስሙንም አድሬናሊን አሉት፤ ትርጓሜውም በላቲን ቋንቋ ከኩላሊት አጠገብ የተገኘ ማለት ነው። በ1904 ደግሞ ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ሽቶልትስ ያለ እንስሳ ዕጢ በኬሚስትሪ ጥበብ ሠሩት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አድሬናሊን በአምፑል ታሽጎ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ።

የዚህ መድኃኒት ጥቅሙ እጅግ ትልቅ ነው። ንብ ነድፎት ወይም የማይስማማውን መድኃኒት ወስዶ ሰውነቱ የተቆጣበት ሰው፥ ጉሮሮው አብጦ፥ ትንፋሹ አጥሮ፥ የደሙ ግፊት ወርዶ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው አድሬናሊንን የሚተካ የመጀመሪያ መድኃኒት የለም። ልቡ ቀጥ ላለም ሰው ሐኪሞች የልቡን ሥራ ለመመለስ ይሰጡታል። የጥርስ ሐኪም ከማደንዘዣው ጋራ ጥቂት ቢቀላቅልበት ደም ይቀንሳል፥ ማደንዘዣውም ይቆያል። ስለዚህ አድሬናሊን የሐኪም ወዳጅ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ነገር ግን ማር ሲበዛ ይመራል። የመድኃኒቱ ክፉ ወገን ከመጀመሪያው ጀምሮ ለሚያስተውል ሰው የተሰወረ አልነበረም። በ1906 አሜሪካዊው ሪቻርድ ፒርስ በጥንቸሎች ደም ሥር አድሬናሊን ደጋግመው ቢያስገቡ፥ የልባቸው ጡንቻ ተጎድቶ አገኙት። በ1959 ጆርጅ ሮናና የሥራ ባልደረቦቻቸው የአድሬናሊን ዘመድ የሆነውን ኢሶፕሮቴሬኖል የተባለ መድኃኒት አብዝተው ለአይጦች ቢሰጡ፥ የልብ ደም ሥር እንደ ተዘጋበት ሰው ያለ ቁስል በልባቸው ላይ ተመለከቱ። ደም ሥሩ ሳይዘጋ ልብ ይቆስላል ማለት ነው። ዳሩ ግን ይህ በጥንቸልና በአይጥ ላይ የታየ ነገር ስለ ነበር፥ በሰው ልብ ላይ ሲደርስ ምን መልክ እንዳለው በግልጽ እስኪታወቅ ድረስ ገና ብዙ ዓመት ማለፍ ነበረበት።

በዚህ መካከል በአሜሪካን የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዋልተር ካነን ሌላ ነገር አሳዩ። ይኸውም ሰው በሚፈራበት፥ በሚቆጣበትና በሚታመምበት ጊዜ ያ ዕጢ ራሱ አድሬናሊን ወደ ደም የሚለቅ መሆኑን ነው። በ1915 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፥ ይህ የሚሆነው ሰውነት ለመዋጋት ወይም ለመሸሽ እንዲዘጋጅ ነው። ጅብ ድንገት ቢመጣበት ልቡ የሚደልቅ፥ ላቡ የሚመጣ፥ ጉልበቱም የሚበረታ ሰው የገዛ ዕጢው የሰጠውን አድሬናሊን ተቀብሎአል። እኒሁ ሊቅ በ1942 ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ፥ ከልዩ ልዩ አገር በፍርሃት ብቻ ሞቱ ስለ ተባሉ ሰዎች የተነገረውን ሰብስበው፥ ብርቱ ፍርሃት በነርቭና በዚሁ ዕጢ አማካይነት ሰውን ሊገድል እንደሚችል አመለከቱ።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ወደ አገራችን ልማድ እንመልከት። እኛ ኢትዮጵያውያን የዕጢውን ስም ሳናውቅ፥ ድንጋጤ ልብን እንደሚጎዳ ከጥንት ጀምሮ እናውቃለን። ይህንንም የሚመሰክረው የመርዶ ሥርዐታችን ነው። ሰው በሩቅ አገር የሞተ እንደ ሆነ፥ ወሬውን የሰሙት ዘመዶችና ጎረቤቶች ሮጠው ለእናቱ አይናገሩም። በምሥጢር ይመካከራሉ፤ ቀን ይቆርጣሉ፤ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። ከዚያም ማለዳ፥ ገና ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፥ ብዙ ሆነው ይሄዳሉ። ሌሊት ብቻዋን ላለች ሴት፥ በመንገድ ላይ ላለ ሰው፥ ታሞ ለተኛ ሰው መርዶ አይነገርም። የሚናገረውም የታወቀ ሽማግሌ ነው፤ የሚደግፉም ሰዎች በግራና በቀኝ ይቀመጣሉ። ይህ ሁሉ ምንድር ነው? የኀዘኑን መጠን መቀነስ አይቻልም፤ ሞት ሞት ነው። ነገር ግን ወደ ልብ የሚገባበትን መንገድና ፍጥነት መምረጥ ይቻላል። አባቶቻችን የመረጡት ይህን ነው።

በ1992 ዶክተር የውብዳር በየነ የተባሉ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ፥ በአሜሪካን አገር ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ባወጡት ጽሑፍ፥ የአሜሪካን ሐኪሞች ክፉ ወሬን በቀጥታ ለሕመምተኛው ሲናገሩ ከእኛ ልማድ ጋራ የሚጋጩ መሆናቸውን አስረድተዋል። በእኛ ልማድ ክፉ ወሬ አስቀድሞ ለቅርብ ዘመድ ወይም ለወዳጅ ይነገራል፤ እርሱም ጊዜውንና አነጋገሩን ይመርጣል። ይህን የመሰለውን ልማድ ለማያውቅ ሰው ነገሩ መደባበቅ ይመስለዋል። ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው ታሪክ፥ በልማዱ ውስጥ ምን ያህል ማስተዋል እንዳለበት ያሳያል።

በ1983 በጃፓን አገር በሂሮሺማ ከተማ፥ ሒካሩ ሳቶ የተባሉ የልብ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው አንድ እንግዳ ነገር አጋጠማቸው። ሕመምተኛው ደረቱን ታምሞ መጣ፤ የልቡ የኤሌክትሪክ ምርመራ የልብ ደም ሥር የተዘጋበት ሰው ምርመራ ይመስላል። ነገር ግን የልቡ ደም ሥሮች ሲታዩ አልተዘጉም። ልቡ ሲታይ ደግሞ የግራው ክፍል ጫፍ ደንዝዞ፥ ተነፍቶ ተገኘ፤ አፉ አካባቢ ብቻ ይኮማተራል። እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ከተደጋገሙ በኋላ፥ ዶክተር ሳቶ በ1990 ባወጡት ጽሑፍ ለሕመሙ «ታኮ ትሱቦ» የሚል ስም ሰጡት። ታኮ ትሱቦ የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ኦክቶፐስ የተባለውን ስምንት እጅ ያለውን የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱበት ሸክላ ነው። አንገቱ ጠባብ፥ ሆዱ ሰፊ ነው። የእኛን ገንቦ የሚያውቅ ሰው የታመመውን ልብ መልክ በዐይነ ኅሊናው ለማየት አይቸገርም፤ አንገቱ ይጠብባል፥ ሆዱ ይነፋል።

የሕመሙ መነሻ ምን ነበር? ከሕመምተኞቹ ብዙዎቹ ከመታመማቸው በፊት ብርቱ ድንጋጤ ወይም ኀዘን ደርሶባቸው ነበር። በጥቅምት ወር 2004 በጃፓን በኒጋታ አውራጃ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ፥ በዚያው ሰሞን በዚህ ሕመም የተያዙ ሰዎች ቁጥር ጎልቶ ታየ፤ አብዛኞቹም በዕድሜ የገፉ ሴቶች ነበሩ። እኛም በስምጥ ሸለቆ አጠገብ የምንኖር ሰዎች የምድር መናወጥን ድንጋጤ እናውቀዋለን። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ በተንቀጠቀጠ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል፤ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶአል።

በ2005 በአሜሪካን በባልቲሞር ከተማ፥ ኢላን ዊትስታይን የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው 19 ሕመምተኞችን መርምረው ያገኙትን አስታወቁ። ከእነዚህ መካከል የወዳጅ ሞት የተረዱ፥ ወንበዴ ያስፈራራቸው፥ እንዲያውም ሳይጠብቁ በተዘጋጀላቸው የደስታ ግብዣ የደነገጡ ይገኙባቸዋል። የደማቸው ምርመራ እንዳሳየው፥ በደማቸው ውስጥ ያለው አድሬናሊንና የአድሬናሊን ዘመድ የሆነው ሁሉ፥ የልብ ደም ሥር ተዘግቶባቸው ከታመሙት ሰዎች እንኳ እጅግ የበለጠ ነበር። በ2015 ደግሞ ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰበ የ1,750 ሕመምተኞች ታሪክ ታትሞ፥ ከ100 ሕመምተኞች 90 ያህሉ ሴቶች መሆናቸው ታወቀ። ስለዚህ «ልቧ ተሰበረ» የሚለው የሰው ሁሉ አነጋገር ግጥም ብቻ ሳይሆን፥ በመሣሪያ የሚታይ ነገር ሆነ።

እንግዲህ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይቀርም። ልብን ያደነዘዘው ከገዛ ዕጢው የወጣው አድሬናሊን ከሆነ፥ ያው አድሬናሊን በመርፌ ከውጭ ቢገባስ ምን ይሆናል? መልሱ በ2009 መጣ። ጃኮብ አብርሃም የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው፥ በደም ሥራቸው አድሬናሊን ወይም ዶቡታሚን የተባለውን ዘመዱን ከወሰዱ በኋላ ወዲያውኑ በዚህ ሕመም ስለ ተያዙ 9 ሰዎች ጽፈው አሳተሙ። መርዶ አልሰሙም፤ መሬት አልተንቀጠቀጠባቸውም። ያስደነገጣቸው ወሬ ሳይሆን መድኃኒት ነበር። የልባቸው መልክ ግን መርዶ ከሰማች እናት ልብ ጋራ አንድ ሆኖ ተገኘ። በዚህም ጉዳዩ እንደ ፍርድ ቤት ምስክር ተረጋገጠ ማለት ይቻላል፤ በወሬ የገባውም በመርፌ የገባውም ወደ አንድ ሥፍራ ይደርሳል።

አድሬናሊን ልብን የሚያበረታ ሲሆን እንዴት ያደነዝዘዋል? ሊቃውንት ከሚሰጡት ማብራሪያ አንዱ እንዲህ ይላል። በልብ ጡንቻ ላይ አድሬናሊንን የሚቀበሉ እንደ በር ያሉ ነገሮች አሉ፤ በልብ ጫፍ ያሉት ደግሞ በተለይ ለአድሬናሊን ቅርብ ናቸው። መጠኑ ልከኛ ሲሆን በሩ ጡንቻውን «ሥራ» ይለዋል። መጠኑ ከልክ ያለፈ ሲሆን ግን ያው በር ትእዛዙን ገልብጦ «ተው፥ ዕረፍ» ይለዋል፤ ይህም ጡንቻው በሥራ ብዛት ተቃጥሎ እንዳይሞት የሚከላከልበት መንገድ ይመስላል። ከዚህም ጋራ የልብ ቀጫጭን ደም ሥሮች ይጨማደዳሉ። ስለዚህ ጫፉ ይደነዝዛል፥ ይነፋል። ደግነቱ ጡንቻው ብዙ ጊዜ አይሞትም፤ በቀኖች ወይም በሳምንታት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሕመሙ ቀላል አይደለም። ሳንባ ውኃ ሊቋጥር፥ የልብ ምት ሊዛባ፥ በደነዘዘው ክፍል ደም ሊረጋ ይችላል፤ በዚህም የሚሞቱ ሰዎች አሉ።

ከዚህ ላይ አንድ አስጨናቂ ነገር ይታያል። ልቡ ደክሞ የደሙ ግፊት ለወረደበት ሰው፥ ሐኪም የለመደው እርዳታ አድሬናሊንንና ዘመዶቹን መስጠት ነው። የልቡ ድካም የመጣው ከአድሬናሊን ብዛት ከሆነ ግን፥ ይህን መጨመር በእሳት ላይ ቡታ ጋዝ እንደ ማፍሰስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ የልቡን መልክ በኢኮ መሣሪያ አይቶ፥ ሕመምተኛው ከዚህ በፊት ምን እንደ ወሰደ ጠይቆ መለየት አለበት። ጥያቄውን የሚመልሰው ደግሞ ሕመምተኛው ወይም አስታማሚው ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የእኛም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሞጆው ሰነድ፥ ወደዚያች ወደ አንዲት ዜሮ እንመለስ። አድሬናሊን ለብዙ ዘመን በሁለት ዐይነት ጽሕፈት ሲታሸግ ኖሮአል። «1 በ1,000» ማለት በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊ ግራም አድሬናሊን አለ ማለት ነው። «1 በ10,000» ማለት ግን ያው 1 ሚሊ ግራም በ10 ሚሊ ሊትር ውስጥ ተበርዞአል ማለት ነው። በጽሕፈቱ ላይ ልዩነቱ አንዲት ዜሮ ናት፤ በሕመምተኛው ደም ውስጥ ግን ዐሥር እጥፍ ነው። ሌሊት፥ ሕመምተኛው እያጣጣረ፥ ሁሉም እየጮኸ ባለበት ሰዓት ይህችን ዜሮ ማሳት ለሰው ልጅ እጅግ ቀላል ነው። ስለዚህ በ2016 በአሜሪካን አገር፥ በእንዲህ ያለው አምፑል ላይ የ«1 በስንት» ጽሕፈት ቀርቶ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ሚሊ ግራም ብቻ እንዲጻፍ ተደነገገ። መድኃኒቱ ከተገኘ ከ100 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። ከዚህም በላይ ይኸው መድኃኒት ሁለት ስም አለው፤ አንዱ አገር አድሬናሊን፥ ሌላው ኤፒኔፍሪን ይለዋል። ከልዩ ልዩ አገር መድኃኒት በምታስመጣ አገር፥ ሁለቱ ስሞች የአንድ ነገር መሆናቸውን የሚያውቅ ባለሙያ ማስፈለጉ ግልጽ ነው።

መጠኑ ልክ ቢሆንም መንገዱ ሊሳሳት ይችላል። ሰውነቱ ለተቆጣበት ዐዋቂ ሰው ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል በጭኑ ጡንቻ ቢወጋ፥ መድኃኒቱ ከጡንቻው ቀስ ብሎ ወደ ደም ይገባና ሕይወቱን ያተርፋል። ያው መጠን ልቡ እየመታ ባለ ሰው ደም ሥር በአንድ ጊዜ ቢገፋ ግን፥ ዶፍ እንደ ወረደበት ወንዝ ሆኖ ልብ ላይ ይደርሳል። መርዶ በማለዳ በሽማግሌ አፍ ሲነገርና ያው መርዶ በመንገድ ላይ በድንገት ሲሰማ ያለው ልዩነት ይህን ይመስላል።

በዚህ ምክንያት ግን ማንም አንባቢ አድሬናሊን ሊፈራ አይገባውም። ይህን አጥብቀን እንናገራለን። በንብ ተነድፎ ትንፋሹ ላጠረ ሰው፥ መድኃኒቱን ፈርቶ መዘግየት ከመድኃኒቱ ጉዳት እጅግ የባሰ ነው። በልኩና በመንገዱ የተሰጠ አድሬናሊን ያተረፋቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በዚህ መድኃኒት ልባቸው የደነዘዘ ግን ጥቂት ናቸው። የታሪኩም ትምህርት «ተጠንቅቃችሁ ተጠቀሙ» ነው እንጂ «ሽሹ» አይደለም።

ይህ ነገር ለአድሬናሊን ብቻ የተወሰነ አይደለም። የአስም ሕመምተኛ የሚምገው መድኃኒት፥ የታይሮይድ ዕጢ መድኃኒት፥ አንዳንድ ለጭንቀትና ለድብርት የሚሰጡ መድኃኒቶች፥ ከልክ ካለፉ ወይም ለአንዳንድ ሰው ካልተስማሙ እንዲህ ያለ የልብ ድንጋጤ ማስከተላቸው ተጽፎአል። እንደዚሁም የአድሬናሊንን ኀይል የሚገቱትን የልብና የግፊት መድኃኒቶች፥ ለምሳሌ ፕሮፕራኖሎልንና አቴኖሎልን፥ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጥ ልብን ያለ ጋሻ ይተወዋል።

በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሱ ሹፌሮቻችንም አንድ ነገር እንዲያስታውሱ እንለምናለን። ጫት እንቅልፍን የሚያባርረው ካቲኖን በተባለ ነገር ኀይል ነው። ይህንንም በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቤተ ሙከራ ከጫቱ ለይቶ አወጣው። ካቲኖን ሰውነት የራሱን የአድሬናሊን ዘመዶች እንዲለቅ ያደርጋል፤ የልብን ምት ያፈጥናል፥ የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋል። በ2005 በየመን አገር የተደረገ ምርመራ፥ ጫት የሚቅሙ ሰዎች የልብ ደም ሥር መዘጋት በብዛት የሚያገኛቸው መሆኑን አሳይቶአል። እንግዲህ ደረቱን ታሞ ወደ ሐኪም የሚሄድ ሹፌር፥ ዐፍሮ ጫቱን ቢሸሽግ፥ ሐኪሙ በሰነዱ ላይ ያልተመዘገበ ጭነት ባለበት ኮንቴይነር ላይ ሌላ ጭነት ይጨምራል ማለት ነው።

አባቶቻችን መድኃኒትን በመጠን መስጠት ባዕድ አልነበረባቸውም። ኮሶ የሚያጠጣ ሰው የሚጠጣውን ሰው ጉልበት አይቶ ይለካ ነበር፤ ለእርጉዝ ሴትም እንደማይበጅ ይታወቅ ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ ከአገር ዛፍ ሳይሆን አብዛኛው ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ አንዱ በአየር፥ ሌላው በመርከብና በየብስ። መጠኑም በእጅ ጭብጥ መለካቱ ቀርቶ በአምፑሉ ላይ በቁጥር ይጻፋል። ነገር ግን ቁጥሩን የሚያነብ ዐይን፥ የሚጠይቅም አፍ ካልተገኘ የቁጥሩ መጻፍ ብቻውን አያድንም።

ስለዚህ እያንዳንዱ አንባቢ ሦስት ነገር እንዲያደርግ እንመክራለን። አንደኛ፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት አይግዛ፤ ጎረቤት ያዳነው መርፌ ለእርሱ ላይስማማ ይችላልና። ሁለተኛ፥ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፥ የሚቅመውንም የሚጠጣውንም፥ ለሐኪሙ ሳይሸሽግ ይናገር። ሦስተኛ፥ ከድንጋጤ ወይም ከመርፌ በኋላ ደረቱን ያመመው፥ ትንፋሹ ያጠረው ወይም ሊደክመው የጀመረ ሰው «ድንጋጤ ነው፥ ያልፋል» ብሎ ቤት አይቀመጥ፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። በተለይም ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች እንዲህ ያለ ሕመም ሲያገኛቸው ልጆቻቸው ነገሩን አቃልለው አይመልከቱት።

ከዚህም ጋራ የመርዶ ሥርዐታችንን አንተው። ዛሬ በእያንዳንዱ ሹፌር ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። በሞጆ ወደብ ተራ የሚጠብቅ፥ ወይም በአዋሽ በረሃ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው፥ የእናቱን ሞት በአንድ ደወል ሊሰማ ይችላል። የሚደውለው ሰው በፍቅር ነው የሚደውለው፤ ነገር ግን አባቶቹ ማለዳና ሽማግሌ የመረጡበትን ምክንያት ቢያስታውስ፥ ሰውየው መኪናውን እስኪያቆም፥ አጠገቡም ባልደረባው እስኪደርስለት ድረስ ይጠብቅ ነበር።

ኮንቴይነሩ በሞጆ ሲከፈት «ስንት ነው? በየት ይሄዳል?» ተብሎ ይጠየቃል። ብረትና ጨርቅ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተገባቸው፥ ወደ ሰው ልብ ለሚገባ ነገር፥ መድኃኒት ቢሆን ወሬ፥ ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ሊደረግለት አይገባም።